«ሳ ሳ» ላሉን ባለጀልባ የተጻፈ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ሦስት ሰዎችን ላመሰግን ነው። አንደኛው በላኦስ አገር፣ በሜኮንግ ወንዝ ላይ ጀልባ የሚነዱ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ ባለቤታቸው ናቸው። ሦስተኛው አብሮን የዋለ ወጣት አስጎብኚ ነው። አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ። ግን እናት ወይም አባት ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ያነበዋል ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እኔ የምኖረው ባንኮክ ነው። እማዬ ጥምቀትን አዲስ አበባ አክብራ፣ ጥር መጨረሻ ላይ ልትጠይቀኝ መጣች። 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ዳገቱን እንደምንም ብትወጣው እንኳ ቁልቁለቱ ያሰቃያታል። ይህን እያወቅሁ በመጀመሪያው ሳምንት ተሳሳትኩ። በትልቅ አውቶቡስ የሚኬድ የአንድ ቀን የጋራ ጉዞ አስመዘገብኳት። አስጎብኚው በደረስንበት ሁሉ «20 ደቂቃ» እያለ ሰዓቱን ያሳየናል። እማዬ ደረጃውን ይዛ ወርዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ስትል ሰው መመለስ ጀምሯል። ሦስተኛው ቦታ ላይ ስንደርስ «እኔ እዚሁ ልቀመጥ፤ አንቺ አይተሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ያ ንግግሯ አንጀቴን በላው። ወደ ላኦስ ስንሄድ ግን የምንሳፈረው ጀልባ ለእኛ ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ።

የሄድነው ሉአንግ ፕራባንግ ነው። ከባንኮክ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሜኮንግና ናም ካን የሚባሉ ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት፣ የድሮ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ከተማዋን በሌላ ቀን እጽፍላችኋለሁ። አሁን የማወራው ስለ አንድ ረቡዕ ነው።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት «ለእናትሽ የሚሆን ሰው አለ» ብላ አስጎብኚውን ጠራችልን። ማታውኑ መጣ። መንገድ ላይ ካናገሩን ሌሎች አስጎብኚዎች በአንድ ነገር ተለየብኝ። ስለ ዋጋም ስለ ፎቶም ሳያነሳ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። እናትሽ ስንት ደረጃ ሳታርፍ ትወጣለች? የማትበላው ምንድን ነው? ውሃ ትፈራለች ወይ? እኔ ራሴ በቅጡ አስቤበት አላውቅም ነበር። ወደ እማዬ ዞሬ ጠየቅኋት። «ሃያ እወጣለሁ፣ ከዚያ ልቁም» አለች። ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም። መድኃኒት ስለምትወስድ ግን ስድስት ሰዓት ላይ መቅመስ አለባት። ውሃ ደግሞ ትፈራለች። ልጁ ሁሉንም በትንሽ ደብተር ላይ ጻፈ። ዋጋውን የተስማማነው ከዚያ በኋላ ነው። የጀልባው፣ የመኪናው፣ የምሳውና የእሱ ክፍያ ተጠቃሎ፣ በዕለቱ የምናያቸው የዋሻውና የፏፏቴው መግቢያ ግን ለብቻው በኪፕ፣ በላኦስ ገንዘብ፣ እንደሚከፈል በግልጽ ነገረን። በማግስቱ ከዚያ ላይ አንድ ኪፕ አልተጨመረም።

ጠዋት በእኛ ሰዓት ሁለት ላይ ወንዙ ዳር ደረስን። ጥርና የካቲት እዚያ ደረቅ ወቅት ነው። ውሃው ይጎድላል፣ ዳርቻው ገደል ይሆናል። ከመንገዱ እስከ ጀልባው የሚያወርደው ደረጃ ረጅም ነው። ወንዙ በጉም ተሸፍኖ ማዶው አይታይም። ብርዱ ደግሞ ያልጠበቅነው ነው፤ ጃኬት ያዙ። እማዬ ቁልቁል አየችና እጄን ጨበጠችው። አጨባበጧን አውቀዋለሁ። «ይቅርብን» ልትል ነው።

በዚህ ጊዜ ከታች አንድ ሽማግሌ ቀስ እያሉ ወደ እኛ ወጡ። ቀጠን ያሉ፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ፣ የሱፍ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው። ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ለእማዬ ሰገድ አሉላት። ላኦዎች ከአባት በዕድሜ ከፍ የሚልን ሰው «ሉንግ» ይሉታል፤ አጎት እንደማለት ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ ሉንግ እያልኩ ጠራኋቸው፤ እዚህም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ሉንግ የእማዬን እጅ ይዘው አልጎተቱም። ከእሷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጧትና የራሳቸውን ትከሻ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ያዢኝ ማለታቸው ነው። እማዬ ትከሻቸውን ያዘች። «ሳ ሳ» አሉ። ቀስ በቀስ ማለት ነው። እሳቸው አንድ ይወርዳሉ፣ ቆመው ይጠብቃሉ፣ እሷ አንድ ትወርዳለች። ሃያ ሲሞላ አስጎብኚው ከኋላ በእንግሊዝኛ «ሃያ» አለ። ሉንግ ቆሙ። ማታ የጻፈውን ነግሯቸዋል ማለት ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጀልባው ረጅምና ጠባብ፣ ከእንጨት የተሠራ ነው። ጣራ አለው፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው። ነጂው ፊት ለፊት መሪ ይዞ ይቀመጣል፤ ሞተሩ ከኋላ ነው። ብዙ ባለጀልባዎች ከነቤተሰባቸው እዚያው ከኋላ ይኖራሉ፤ ልብስ ተሰጥቶ፣ ድስት ተሰቅሎ ታያላችሁ። የሉንግ ባለቤትም ከኋላ ሆነው እሳት ሲያያይዙ ነበር። ለእማዬ ወንበሩ ላይ ትራስ ደራርበው፣ እግሯን የምታሳርፍበት ዝቅ ያለ በርጩማ አስቀምጠው፣ ብርድ ልብስ አለበሷት። ላይፍ ጃኬቱን በነጠላዋ ላይ ራሳቸው አሰሩላት። አንድ እንከን ልናገር፤ ከኋላ ያሉት ወንበሮች ላይ የሞተሩ ድምፅ ያስቸግራል። ወደ ፊት ተቀመጡ።

ሽቅብ ጉዞው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ጉሙ ሲገፈፍ ተራሮቹ ብቅ ብቅ አሉ። ውሃው ሲጎድል የሚወጣው አሸዋና ደለል ላይ ሰዎች ኦቾሎኒና አትክልት ዘርተዋል። ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ከድንጋዩ ላይ አረንጓዴ የወንዝ ሣር ይለቅማሉ። በወንፊት ላይ አስጥተው፣ ሰሊጥ ነስንሰውበት በፀሐይ ያደርቁትና ጠብሰው ይበሉታል። እማዬ ውሃ መፍራቷን ረሳችው። «ይህ ወንዝ ከየት መጥቶ የት ይገባል?» አለች። አስጎብኚው ከቲቤት አምባ ተነስቶ በቻይና፣ በምያንማር፣ በላኦስ፣ በታይላንድ፣ በካምቦዲያና በቬትናም አልፎ ባሕር እንደሚገባ፣ ርዝመቱም ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነ ነገራት። «የስድስት አገር ውሃ» አለች እማዬ፣ ራሷን እየነቀነቀች።

እኔ የማየው ሉንግን ነበር። መሪውን ይዘው ዓይናቸው ከውሃው ላይ አይነሳም። ላዩ ለጥ ያለ ሲመስል ከሥሩ ድንጋይ አለ። እሳቸው ግን የውሃውን መጨማደድ አይተው ያውቁታል። አንዳንዴ በቀጥታ መሄድ ሲችሉ ዞረው ማዶውን ይዘው ይሄዳሉ። ምክንያቱን በአስጎብኚው በኩል ስጠይቃቸው መለሱልኝ። ድሮ ወንዙ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ ሰው ወራቱን ቆጥሮ ያውቀዋል። ከታች በኩል የሳያቡሪ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በላይም ሌሎች ግድቦች ስላሉ፣ ውሃው በወቅቱ አይወጣም አይወርድም አሉ። እንደ አዲስ እየተማርኩት ነው አሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ባቡር ከገባ ወዲህ ደግሞ ከታይላንድ ድንበር ሁለት ቀን በጀልባ ይመጣ የነበረው መንገደኛ ወደ ባቡሩ እንደዞረባቸው ነገሩን። ስሞታ አላሰሙም። ስለጠየቅኋቸው ብቻ ነው የተናገሩት።

ዋሻዎቹ ፓክ ኡ ይባላሉ፤ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ፓክ አፍ ማለት ነው። ኡ የሚባለው ወንዝ ወደ ሜኮንግ የሚገባበት አፍ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ የኖራ ድንጋይ ገደል ውስጥ ሁለት ዋሻ አለ። ጀልባ የሚቆመው ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ መወጣጫ አጠገብ ነው። ልክ ስንጠጋ አንድ ፈጣን ጀልባ እየጮኸ አለፈና ማዕበሉ ሁሉንም ነገር ያወዛውዘው ጀመር። ከእኛ ጎን የነበሩ ጎብኚዎች እየተንገዳገዱ ዘለሉ። ሉንግ አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ፣ አንዱን መወጣጫው ላይ አድርገው፣ ሁለቱን በእግራቸው አጣብቀው ያዙ። እጃቸውን ወደ እማዬ ዘርግተው በመዳፋቸው «ቆይ» አሏት። ውሃው እስኪረጋ ጠበቁ። ከኋላችን ሌላ ጀልባ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ሉንግ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ውሃው ጸጥ ሲል «ሳ ሳ»፤ እማዬም ከቤቷ ደፍ እንደምትሻገር ተሻገረች።

የታችኛው ዋሻ ታም ቲንግ ይባላል። አፉ ወደ ወንዙ ክፍት ነው፤ ብርሃን ይገባል። ከድንጋዩ መደብ በመደብ ላይ የቡድሃ ምስሎች ተደርድረዋል። የሁለቱ ዋሻ ሲደመር ከ4,000 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። ጣት የምታክል አለች፣ ሰው የሚያክል አለ። አብዛኞቹ ከእንጨት ተቀርጸው በወርቅ ቀለም የተለበጡ ናቸው። ቀለሙ ተልጦ፣ እጃቸው ተሰብሮ፣ አፍንጫቸው ተበልቶ የቆሙ ብዙ ናቸው። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ከዳር ቆመች። የሰው እምነት ነው ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቆይታ «የተሰበረውን ለምን አላነሱትም?» አለች።

አስጎብኚው በልጅነቱ ገዳም ገብቶ የተማረ ልጅ ነው። ያረጀና የተሰበረ ምስል አይጣልም አላት። ከቤተ መቅደስም ከቤትም ወደዚህ ይመጣል፤ እዚህ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ አጋማሽ አዲስ ዓመታቸው ሲገባ የከተማው ሰው በጀልባ መጥቶ ምስሎቹን በመልካም መዓዛ ውሃ ያጥባቸዋል። ንጉሣዊው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1975 እስኪያበቃ ድረስ ንጉሡም ከነቤተሰቡ ይመጣ ነበር። ቡድሂዝም ሳይገባ በፊት እንኳ ሰዎች እዚህ ለወንዙ መንፈስ መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር ይባላል። እማዬ ይህን ሁሉ ስተረጉምላት ሰማችና «እኛስ ያረጀ መጽሐፍ፣ ያረጀ መስቀል እንጥላለን? ዕቃ ቤት ይቀመጣል እንጂ» አለች። ይህንን መልሼ ለአስጎብኚው ነገርኩት። ለሉንግ ነገራቸው። ሉንግ እማዬን አይተው ረዘም ላለ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከምስሎቹ አንዱን አልረሳውም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ መሬት ዘርግቷል። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ከጎኑ ወደታች እንደሚወርድ ውሃ። ዝናብ የሚጠራ ነው አለን አስጎብኚው። ይህ አቋም የላኦዎች መለያ ነው። አንዱ ጣቱ ተሰብሮ አንድ ሰው በቀጭን ሽቦ አስሮታል። ሽቦው ዝጓል። ማን እንዳሰረው፣ መቼ እንዳሰረው የሚያውቅ የለም።

ወደ ላይኛው ዋሻ የሚወስደው ደረጃ ብዙ ነው፤ ለእማዬ አይታሰብም። እኔም ልተወው ነበር። ሉንግ ግን በእጃቸው «አንቺ ሂጂ» አሉኝ፤ ከጀልባው በርጩማዋን አምጥተው ጥላ ሥር አስቀመጧት። እሳቸውም ከጎኗ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የላይኛው ዋሻ ወደ ውስጥ ጥልቅ ነው፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ባትሪ ያስፈልጋል፤ አስጎብኚው ሁለት ይዞ ነበር። ብርሃኑ ያረፈበት ፊት ብቻ ይታያል፤ የቀረው ጨለማ ነው። ብዙ አልቆየሁም፤ ልቤ ታች ነበር።

ስወርድ ያየሁት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እማዬና ሉንግ ሁለቱም ሱሪና ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን ያነጻጽራሉ። የእሳቸው የግራው አብጧል። እማዬ በአማርኛ «ይሄ ቁርጥማት ነው፤ ብርድ ነው የመታዎት፤ ከውሃ ላይ እየዋሉ» ትላለች። እሳቸው በላኦ ይመልሳሉ። ከቦርሳዋ የማትለየውን የጉልበት ቅባት አውጥታ እንዴት እንደሚታሽ ታሳያቸዋለች፤ ከላይ ወደታች፣ ቀስ ተደርጎ። እሳቸው «ሳ ሳ» አሉ። እሷም «አዎ፣ ሳ ሳ» አለች። እነዚያን ሁሉ ደረጃዎች ትከሻቸውን ሰጥተዋት የወረዱት በዚያ ባበጠ ጉልበት ነበር። ጠዋት አንዴም ፊታቸው ላይ አላየሁትም። ቅባቱን ትታላቸው መጣች።

በመመለሻችን አንድ የሸማኔና የአረቄ መንደር ቆምን። ባን ሳንግ ሃይ ይባላል። እማዬ ገና ከጀልባው ሳትወርድ «አረቄ ሸተተኝ» አለች፤ አልተሳሳተችም፤ ከሩዝ ያወጡታል። አንድ የጥጥ ሻርፕ ገዛች፣ ሄድን።

ምሳው ጀልባው ላይ ነበር። የሉንግ ባለቤት ያቀረቡት በትንንሽ የቀርከሃ ሙዳይ የሚጣበቅ ሩዝ፣ የተቀቀለና የተጠበሰ አትክልት፣ ያንን የወንዝ ሣርና በርበሬ ያለበት የቲማቲም ድልህ ነው። እዚያ አገር የዓሣ ውሃ፣ ከዓሣ የሚሠራ ጨዋማ ማጣፈጫ፣ የማይገባበት ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ለማያውቅ ሰው አይታይም። አስጎብኚው እንዳለን ሴትየዋ ለዚያ ቀን ብለው ድልሁን በጨው ብቻ ሠርተውታል፤ ለራሳቸው የሚበሉትን በሌላ ሳህን ለይተውታል። ምግቡ የሚበላው በእጅ ነው። እማዬ እጇን አንስታ ዙሪያዋን ስትመለከት፣ ሴትየዋ ማንም ሳይነግራቸው ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡና ለብ ያለ ውሃ አስታጠቧት። እማዬ ብድግ ለማለት ሞከረች። ትከሻዋን ነክተው አስቀመጧት። «እጅዎት ይባረክ» አለች። አመሰግናለሁ በላኦ «ኮፕ ጃይ» ይባላል፤ ያንንም አለች።

ከሰዓት ወደ ኩዋንግ ሲ ፏፏቴ ሄድን። ከከተማው በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ሾፌሩ ግን ተረጋግቶ ነዳ። መግቢያው አጠገብ ከአዳኞች የተረፉ ድቦች የሚጠበቁበት ቦታ አለ። ፍሪ ዘ ቤርስ የሚባል ድርጅት ነው የሚንከባከባቸው። ደረታቸው ላይ ጨረቃ የመሰለ ምልክት አላቸው። ለሐሞታቸው ሲባል ይታደናሉ መባሉን እማዬ ማመን አቃታት። እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ የተኛውን አንዱን ድብ አይታ «ይተኛ፣ ይተኛ» አለች።

ፏፏቴው ግን ሌላ ነው። ውሃው ዋናውን ገደል፣ 60 ሜትር ገደማ የሚሆነውን፣ ዘልሎ ሲወርድ ከታች ደረጃ በደረጃ የተደረደሩ ኩሬዎች ይቀበሉታል። ቀለሙ ሰማያዊም አረንጓዴም ነው። ምሥጢሩ ኖራው ነው። ውሃው የኖራ ድንጋይ እያሟሟ ይመጣና ሲፈስ ኖራውን መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ኩሬዎቹን የሚለያዩትን ግድቦች ራሱ ውሃው ነው የገነባቸው። በክረምት ይደፈርሳል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ብትሄዱ ይሻላል። ኩዋንግ አጋዘን፣ ሲ መቆፈር ማለት እንደሆነ፣ አንድ ጠቢብ ሽማግሌ መሬቱን ቆፍሮ ውሃውን እንዳወጣና ወርቃማ አጋዘን መጥቶ ከሥሩ እንደኖረ ያወራሉ። ዋና የሚፈቀድባቸው ኩሬዎች አሉ፣ የተከለከሉም አሉ፤ ምልክቱን እዩ። አስጎብኚው ከዋናተኞቹ ራቅ ያለ፣ የእንጨት ወንበር ያለበት ጥግ ያውቅ ነበር። ቦርሳችንን ይዞ ከኋላችን ተቀመጠ። ስንት ደቂቃ ቀረን ብዬ ስጠይቀው «እናትሽ ስትነሳ» አለኝ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጠች። አንዴ ጎንበስ ብላ ውሃውን ዘግና ፊቷን አበሰች፣ አማተበች። ከዚያ ዝም ብላ ታያለች። «አንቺ አይተሽ ንገሪኝ» አላለችኝም።

ለብቻ የተያዘ ጀልባ ከጋራው ይወደዳል፤ አልደብቃችሁም። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ብትካፈሉት ይቀልላል። ዋጋውን አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ ምን ምን እንደሚያካትት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያዙ፣ ጥሬ ገንዘብ በኪፕ ይዛችሁ ሂዱ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ከሁሉ በላይ ግን ይዛችሁ የምትሄዱት ሰው ምን እንደሚያመው፣ ምን እንደማይበላ ለአስጎብኚው ንገሩት። የእኛው ልጅ ባይጠይቀኝ ኖሮ እኔ አልነግረውም ነበር።

የሰዎቹን ስምና ስልክ በአደባባይ አላወጣም። ለጠየቀኝ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ሉንግ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እመቤት፣ እጅዎት ይባረክ። አንተም ወንድሜ፣ ያቺን ትንሽ ደብተር አትጣላት።

ደግሞ በቅርብ የምትሄዱ ካላችሁ ሳትነሱ ደውሉልኝ። እማዬ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ጉልበታቸው እንዴት ሆነ?» ትለኛለች፤ ሁለት ቅባት ልካለች፤ አብሮ የሚወስድልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።